መሬቱ ባዶ ሆኖ ሳለ

ኮንዶሚኒየም ሲባል ከንፈር መምጠጥ ለምዶብናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ ቤት ፊኒሺንጉ በነዋሪው ጫንቃ ላይ የተጣለ፣ ግድግዳው የሚሰነጠቅ፣ ቧንቧው የሚያፈስ ነበር። ነገር ግን በየብሎኩ መሃል «ኮሚናል» የሚባል ቤት ይሠራለት ነበር፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። አንዳንዱ በኋላ ለሌላ ነገር ቢውልም፣ ያ ገንዘብ ያጠረው ፕሮጀክት ቢያንስ ሰዉ በዓሉን የት እንደሚያርድ አስቦለታል። ዛሬ ሰንጋ ተራ፣ ልደታና ካዛንቺስ ላይ በብዙ ሚሊዮን ብር የሚሸጠው ማማ ይህን እንኳ አላሰበም። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ሰዉ ስለ መልካቸው ያወራል። ታክሲ ውስጥ አንዱ «ዱባይን አስመሰሏት!» ሲል ሌላው «አሉኮቦንድ መለጠፍ ምኑ ነው ዱባይ?» ብሎ ይመልስለታል። እኔ ወደ ውስጥ ልግባ። ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ላይ ነው፤ «ኦፕን ኪችን» ብለው አስወድደው ሸጡት። ቁሌቱ ሲጣድ ሽታው ሶፋው ውስጥ ገብቶ ሳምንት ይከርማል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ የሚቀመጥበት ቦታ ስላልተተወለት ባልኮኒ ላይ ይወጣል፤ ባልኮኒዋ ደግሞ አንድ ወንበር ካስገባች በሩ አይዘጋም። የበዓል ዋዜማ በጉ ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ምሰሶ ላይ ይታሰራል፤ ጥበቃው ይቆጣል፣ ባለቤቱ ይለማመጣል። ለዕድር ድንኳን የሚሆን ሜዳማ የለም፤ ሐዘንተኛው ሊፍት ደጃፍ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ፀሐዩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ መስኮት ከፍቶ ያለ ኤሲ መኖር የሚቻልባት ከተማ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የጧቱና የማታው ፀሐይ ዝቅ ብሎ በምሥራቅና በምዕራብ ግድግዳ በኩል ይገባል። በሰሜንና በደቡብ ያለውን ግን ትንሽ መከለያ ይመልሰዋል። የመጀመሪያ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ የምዕራቡን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት አለበስነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀና ብላችሁ እዩ፦ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ለዕይታ ብሎ የከፈለው ሰው በቀን መብራት አብርቶ ይቀመጣል፤ ቀስ በቀስም የኤሲው ሞተር በየመስኮቱ ሥር ይሰቀላል።

ባንችል ኖሮ ባልተቆጨሁ። በ2016 ካፈረስናቸው የፒያሳ አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ ፀሐዩን የሚመልስ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ነበራቸው። በ1953 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም እዚያው ካዛንቺስ አጠገብ ቆሟል። አርቱሮ ሜዜዲሚ ሕንፃውን ሲነድፍ መስታወት አልጠላም፤ 150 ካሬ ሜትሩን ለሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ሰጠው እንጂ። ያኔ መስታወት ቦታ ተመርጦለት፣ ምክንያት ኖሮት ይገባ ነበር። ስድሳ ዓመት አልፎን በካሬ ሜትር እየለካን የምንገጥመው ሆነ።

ደግሞ ስንት ሰው ተነሥቶ ነው! የልደታ፣ የካዛንቺስ፣ የፒያሳ ሰው ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ የቡና ማኅበሩን በትኖ ዳር ከተማ ወጣ። መሃል ከተማ እንደዚያ ባዶ ሆኖ እጃችን ላይ ወድቆ ነበር፤ ብሩም፣ ክሬኑም፣ እዚሁ የተማሩ አርክቴክቶችም ነበሩ። ከሃያ ፎቅ የአንዱን ፎቅ ግማሽ ለጋራ ማብሰያና ለመሰብሰቢያ መተው፣ ሕንፃውን ትንሽ ዞር አድርጎ ማቆም፣ ባልኮኒውን አንድ ሜትር ማስፋት ማንን ያከስር ነበር? አንድ አልሚ ይህንኑ ጠይቄው «ገዢው የሚፈልገው መስታወት ነው» አለኝ። ገዢው ሌላ ምን አይቶ? ማኬቱ ላይ ያለው መስታወት፣ ቢልቦርዱ ላይ ያለው መስታወት፣ የሳምፕል ቤቱን የሚያስጎበኙት በጧት፣ ያውም በምሥራቅ በኩል ሳይሆን በምዕራብ በኩል ያለውን፤ ፀሐዩ ገና ሳይዞር።