ከጥፋት በኋላ ማን ያነባል?

ባለፈው ወር አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በመኝታ ክፍላችን ስንጨዋወት፣ የቴክኖሎጂ ተማሪ የሆነ ወዳጄ አንድ ጥያቄ አነሣ። «ዓለም ዛሬ ሌሊት ቢጠፋና በዚህ ክፍል ያለነው ስድስት ሰዎች ብቻ ብንተርፍ፣ እያንዳንዳችን ምን እንጠቅማለን?» አለ። የሕክምናው ተማሪ ቍስል እንደሚያክም፣ የእርሻው ተማሪ እህል እንደሚዘራ፣ ጠያቂው ራሱም ወንዝ ገድቦ መብራት እንደሚያበራ ተናገሩ። ተራው የእኔ ሲሆን ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ በላይኛው አልጋ ላይ የተጋደመው ጓደኛችን፣ «እሱ ደግሞ ለቅሷችንን በግጥም ያስውብልናል» አለና ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ነገር ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ የከነከነኝ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ስለዚህ መልስ ፍለጋ፣ ከዓለም ጥፋት ስለሚተርፉ ሰዎች የተጻፉትን ልብ ወለዶች ማንበብ ጀመርሁ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም ከነዚህ ውስጥ ጊዜያችሁን የማያባክኑትን ጥቂቶች ለመጠቈም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።

የዚህ ዐይነት ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሲኒማው ነው፤ ፎቅ ሲናድ፣ ሬሳ ተነሥቶ ሲሮጥ። በእኔ አስተያየት ግን የድርሰቱ ጥሩነት የሚለካው ዓለም እንዴት እንደ ጠፋ በማሳየቱ አይደለም። ጥፋቱ በጥቂት ገጽ ያልቃል። ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ይኸውም የተረፈው ሰው ለልጁ ምን ያስተምረዋል? ልጁስ ይሰማዋል ወይ? የሚለው ነው።

በዕድሜ አንጋፋውን ላስቀድም። «ፍራንከንስታይን»ን የጻፈችው እንግሊዛዊት ሜሪ ሼሊ፣ ባልዋንና ሦስት ልጆችዋን በሞት ካጣች በኋላ በ1826 «ዘ ላስት ማን»፣ ማለትም «የመጨረሻው ሰው» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመች። በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት ወረርሽኝ ተነሥቶ የሰውን ዘር ይጨርሳል፤ በ2100 በሮማ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ይህ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ቍጭ ብሎ መጽሐፍ ይጽፋል፤ አንባቢ በሌለበት ዓለም! በመጨረሻም ከውሻው ጋር የሆሜርንና የሼክስፒርን መጻሕፍት ይዞ በጀልባ ይሄዳል። መጀመሪያው ረዥምና አዝጋሚ ስለ ሆነ ትዕግሥት ያሻዋል፤ መጨረሻው ግን የታገሠውን ይክሳል።

ሁለተኛው በአንድ ማታ ተጀምሮ የሚያልቅ ነው። አሜሪካዊው ጃክ ለንደን በ1912 ያወጣው «ዘ ስካርሌት ፕሌግ» ነው። በሽታው የሚነሣው በ2013 ነው ይላል፤ እነሆ ያ ዓመት አልፎ እኛ አለን። ታሪኩ የሚተረከው ግን በ2073 ነው። በካሊፎርንያ የነበረ አንድ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር አርጅቶ፣ የፍየል ቆዳ ለብሶ፣ በባሕር ዳር ለልጅ ልጆቹ የድሮውን ዘመን ያወራላቸዋል። ልጆቹ ግን አይረዱትም። የበሽታውን ቀለም «ስካርሌት» እያለ ሲጠራው፣ አንደኛው ቀይ ቀይ ነው፣ ሌላ ስም ምን ያደርግለታል ብሎ ይከራከረዋል። ሽማግሌው መጻሕፍቱን በዋሻ ውስጥ ሸሽጎ፣ አንድ ቀን የሚያነብ ሰው ቢመጣ ብሎ የፊደሉን መፍቻ አብሮ አኑሯል።

እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ራሴን በፕሮፌሰሩ ቦታ አስቀምጬ አዘንሁ። ጥቂት ቈይቼ ግን ትዝታ መጣብኝና አፈርሁ። አያቴ የቅኔ አዋቂ ናቸው። በልጅነቴ አንድ ቀን ሰሙን ከወርቁ ለይተው ሊያስረዱኝ ሲሞክሩ፣ «አባባ፣ ታዲያ ለምን በቀጥታ አይናገሩትም?» ብያቸው ኳሴን ይዤ ሮጥሁ። ለካ እኔ ፕሮፌሰሩ ሳልሆን፣ ቀይ ቀይ ነው ያለው ልጅ ነበርሁ።

ሦስተኛው ጆርጅ ስቱዋርት በ1949 ያሳተመው «ኧርዝ አባይድስ» ነው። ርእሱ ከመጽሐፈ መክብብ የተወሰደ ነው። ኢሽ የሚባል ወጣት ተመራማሪ በተራራ ላይ እባብ ነድፎት ታምሞ ሲሰነብት፣ ሰው ሁሉ በበሽታ አልቆ ይጠብቀዋል። ከተረፉት ጥቂቶች ጋር ቤተ ሰብ ይመሠርታል፤ ልጆችም ይወለዳሉ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሳይነካ ቆሟል፤ ኢሽም አንድ ቀን ሥልጣኔን ከዚያ አውጥተን እንመልሳለን እያለ ይመኛል። ልጆቹ ግን ማንበብ ምን እንደሚጠቅማቸው አይታያቸውም። ንባብ የወደደው አንዱ ልጁ በልጅነቱ ይሞትበታል። ያን ጊዜ ኢሽ ትምህርት ቤቱን ይዘጋና ቀስት መሥራት ያስተምራቸዋል። ሲያረጅም የልጅ ልጆቹ የድሮውን ሳንቲም ቀጥቅጠው የቀስት ጫፍ ሲያደርጉት ያያል። ከነዚህ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ መጽሐፍ ነው፤ ማንም መጽሐፎቹን አላቃጠላቸውም፤ የሚፈልጋቸው ብቻ ጠፋ።

ከአዲሶቹ ሁለቱን ልጥቀስ። ኮርማክ ማካርቲ በ2006 ያወጣው «ዘ ሮድ»፣ በተቃጠለ ምድር ላይ በእግራቸው የሚጓዙ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በፈተና ሰሞን አትጀምሩት። ኤሚሊ ሴንት ጆን ማንደል በ2014 የጻፈችው «ስቴሽን ኢሌቨን» ደግሞ ሙዚቀኞችና ተዋንያን ከመንደር መንደር እየዞሩ ለተራፊዎች የሼክስፒርን ቴአትር ሲያሳዩ ያስነብበናል። ለወዳጄ ቀልድ የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት ከዚህ ነው፤ እህል የዘራው ሰውም ማታ ሲሆን የሚሰማው ነገር ይፈልጋል።

ለመጨረሻ ያቈየሁት ከሁሉ የምወደውን ነው። አሜሪካዊው ዎልተር ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ያገለገለ ሰው ነበር፤ በ1944 በኢጣልያ የሞንቴ ካሲኖን ጥንታዊ ገዳም ባፈረሰው የአየር ድብደባ ተካፍሏል። ከ15 ዓመት በኋላ በ1959 «ኤ ካንቲክል ፎር ሊቦዊትዝ»ን አሳተመ። የአቶም ጦርነት ዓለምን ካጠፋ በኋላ፣ የተረፈው ሕዝብ ይህን መዓት ያመጡብን የተማሩ ሰዎች ናቸው ብሎ ምሁራንን ይገድላል፣ መጻሕፍትንም ያቃጥላል። በበረሃ ያሉ መነኮሳት ግን የተረፈውን ይሸሽጋሉ፣ ይገለብጣሉ። አንዱ ወጣት መነኵሴ የአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ንድፍ ያገኛል። ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ቢሆንም 15 ዓመት ሙሉ በወርቅ ቀለም እያስጌጠ ይገለብጠዋል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በዚያው ገዳም መብራት ይበራል። ሰው ከዚያ በኋላ በዕውቀቱ ምን እንዳደረገበት ግን አልነግራችሁም፤ አንብባችሁ ድረሱበት።

ይህ ለኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ሙሉ ቅጂው ጠፍቶ፣ በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ያደረሰው በ1773 ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ያቈየው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ጐንበስ ብሎ የገለበጠው ጸሐፊ ነው። ማን ያነበዋል ብሎ ቢተወው ኖሮ ዛሬ ቍርጥራጩን ብቻ ይዘን በቀረን ነበር።

ሚለርን ጨርሼ ለበዓል ወደ አገር ቤት ሄድሁ። የአያቴ ዐይን ደክሟል። በወጣትነታቸው በገዛ እጃቸው የጻፉትን መጽሐፍ ከሣጥን አውጥተው፣ «እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አነበብሁ፤ ፊደሉ ያው የኛው ፊደል ነውና አልተደናቀፍሁም። ሲሰሙ ቈይተው፣ «ድምፅህስ መልካም ነው፤ ምን እንደሚል ግን ንገረኝ» አሉኝ። ዝም አልሁ። ስለ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሥር ገጽ መጻፍ የምችል ተማሪ፣ በአያቴ ፊት አንዲት ዐረፍተ ነገር መፍታት አቃተኝ። እሳቸውም ምንም ሳይሉ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው በጨርቁ ጠቀለሉት።

ዓለም እስኪጠፋ መጠበቅ እንደማያስፈልግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲሞትና የሚተካው ሲጠፋ፣ አንድ ዓለም በጸጥታ ያልፋል፤ ሲኒማም አይሠራለትም። ስለዚህ ዘንድሮ ክረምት ደብተሬን ይዤ ከአያቴ ዘንድ እቀመጣለሁ። ሁሉን እማራለሁ ብዬ አልመካም፤ ያን የፊደል መፍቻ ያህል እንኳ ባገኝ ይበቃኛል።

እናንተም መጀመር ብትፈልጉ በአጭሩ በጃክ ለንደን ጀምሩ፤ ከዚያ ስቱዋርትን፣ ቀጥሎም ሚለርን አንብቡ። የለንደንና የሼሊ መጻሕፍት የባለቤትነት መብታቸው ስላለፈ በስልካችሁ በነጻ ታገኟቸዋላችሁ። የእኔን የሚለር ቅጂ ግን አሁን አትጠይቁኝ። ለቅሷችንን በግጥም ያስውብልናል ብሎ የቀለደብኝ ጓደኛዬ ወስዶት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት እንኳ በሻማ ሲያነበው አይቼዋለሁ።