በሐረር ገበያ ከሱቅ ደጃፍ

ወደ ሌላ አውራጃ የሄደ ሰው፣ ይልቁንም ሹም የኾነ እንደ ኾነ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ፣ ግንቡን ተመልክቶ፣ ወዳጆቹን ጠይቆ ይመለሳል። ከሱቅ ገብቶ የእህልና የቅመም ዋጋ መጠየቅን ግን ለቤት ሠራተኛ የተተወ ሥራ ያደርገዋል። ነገር ግን የአገሩ ሰው ማታ ከልጆቹ ጋራ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጠጣ ግንቡ አይነግረንም።

ከባለቤታችን ጋራ ሐረር በሄድን ጊዜ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎልን ካየን በኋላ በሸዋ በር አጠገብ ወዳለው ገበያ ወረድን። እርዱና ቁንዶ በርበሬው ከቤታችን የማናጣው ነው። ከአንዲት ሱቅ ግን የቡና ፍሬ ሳይኾን ገለፈቱ በጆንያ ሞልቶ፣ በጣሳ እየተሰፈረ ሲሸጥ አየን። ወደ እኛ ቤት ቡና የሚመጣው ተፈልፍሎ ስለ ኾነ ልጆቻችን ገለፈቱን ዐይተውት አያውቁም። ባለ ሱቋ እመቤት፣ «ይህ ተፈልቶ ወተት ሲገባበት ሆጃ ነው፤ ከቅጠሉ የሚፈላው ደግሞ ቁጢ ይባላል» ብለው አስረዱን።

አብሮን የነበረ አንድ ባለ ማዕርግ ባልንጀራችን፣ «እርስዎን የመሰለ ሰው ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ ገለፈት ሲያሰፍር ቢታይ ምን ይባላል?» ብሎ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ባለቤታችን አንድ ቃል ሳትመልስለት ሦስት ጣሳ አሰፈረች።

ከቤታችን በገባን በሰንበቱ ሆጃው ፈልቶ ቀረበ። ልጆቹ ስለ ሐረር የጠየቁን ብዙ ነው፤ ስለ ግንቡም የጠየቁት ከስኒው በኋላ ነው። ያ ባልንጀራችንም ሊጠይቀን መጥቶ ነበርና ሁለት ስኒ ጠጣ።