የክረምት ማታ በኤሜክ ሳራ ጋራዥ

ቤርሼቫ ዘመድ ልትጠይቁ ወይም ሠርግ ተጠርታችሁ የመጣችሁ እንደሆነ፣ የሚያስጎበኛችሁ ሰው ወዴት እንደሚወስዳችሁ የታወቀ ነው። የአብርሃም ጉድጓድ የሚባለውን ያሳያችኋል፣ በቱርኮች ጊዜ በተሠራው በአሮጌው ከተማ ያዞራችኋል፣ ከዚያ ወደ ቤት፣ ወደ ቡናው። ኤሜክ ሳራን ግን ማንም አያሳያችሁም። ስሙ «የሣራ ሸለቆ» ማለት ነው። የእናታችንን የሣራን ስም ተሸክሞ ያለው ግን የፋብሪካና የጋራዥ ሰፈር ነው፦ ብረት የሚበይድ፣ ጎማ የሚቀይር፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥ፣ መኪና የሚያጥብ፣ ሁሉም ጎን ለጎን። እኔ ይህን ክረምት በሳምንት ሁለት ማታ የማሳልፈው እዚያ ነው፤ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሞተር ብስክሌት እየፈታን፣ እየገጠምን።

ክረምት ስላችሁ የጎንደሩን ሐምሌና ነሐሴ እንዳታስቡ። የዚህ አገር ክረምት ከስግድ በዓል ወዲህ ይገባል፣ ፋሲካ ሲቃረብ ይወጣል። ቤርሼቫ ላይ ደግሞ ዝናብ ብርቅ ነው፤ የዓመቱ ሁሉ ቢጠራቀም 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጎንደር በሐምሌ ወር ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ብርዱን ግን አትናቁት። በረሃ ነውና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብረት መንካት እጅ ያደነዝዛል፤ በታኅሣሥ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጨልሟል።

ጉዳዩ ያለው እንዲያውም ዝናቡ ትንሽ መሆኑ ላይ ነው። የነገቭ አፈር ደቃቅ ነው፣ እንደ ጤፍ ዱቄት። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ከመኪና የሚንጠባጠብ ዘይትም፣ የጎማ ፍቅፋቂም አብሮት ይተኛል። ከዚያ «ዮሬ» የሚሉት የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል። ጠንከር ብሎ ቢመጣ መንገዱን ያጥበው ነበር፤ ጠብ ጠብ ሲል ግን ያንን ሁሉ ያቦካዋል፣ አስፋልቱ እንደ ተልባ ያሟልጫል። መኪና አራት እግር አለው። ሞተር ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው ደግሞ የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። ልጃችሁ ማታ ምግብ ለሰው ቤት ሲያደርስ፣ ያቺን መዳፍ ታህል ቦታ ላይ ነው ያለው።

ወዳጄ ዕድሜውን በጋራዥ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አንድ የሚያውቀው ባለ ጋራዥ የመጋዘኑን ጥግ ለቀቀለት፤ አንድ አምፖል፣ አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ማሞቂያው ቁርጭምጭሚትን እንጂ ሰውን አያሞቅም። ወደ እኛ የሚመጡት ሞተሮች አብዛኞቹ ካትኖዋ ናቸው፣ ከታይዋን የመጡ ሲምና ኪምኮ፣ 125 የሚባሉት። ባለቤቶቻቸው የማኅበረሰባችን ልጆች ናቸው። ከጦር ሠራዊት የወጡ፣ ለትምህርት የሚቆጥቡ፣ አንዳንዱም የቤት ኪራይ የሚያግዝ። የእጅ ዋጋ አንቀበልም፤ መለዋወጫውን ገዝተው ይመጣሉ፣ አብረውን ይሠራሉ። አብሮ የማይሠራ ልጅ ሞተሩ አይነካለትም፤ ይህ የወዳጄ ሕግ ነው።

ከልጆቹ ጋር ስንሠራ የሚያስቀን ቋንቋው ነው። እኛ የጋራዥ ቃላችንን የተማርነው ከጣሊያን በቀረው አፍ ነው፦ ካቻቪቴ፣ ግራሶ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ። ልጆቹ የሚያውቁት ደግሞ የዚህ አገር ጋራዥ ከእንግሊዝ የወሰደውን ነው፤ ፍሪሲዮኑን ክላች፣ ፍሬቻውን ዊንከር፣ ጎሚስታውን ፓንቸርያ ይላሉ። «ፍሬቻው አይበራም» ሲል ልጁ ዞሮ ያየኛል፣ ምን አሉ ብሎ። የእኛም የእነሱም ቃል የሰው አገር ቃል ነው እኮ፤ የሚከራከሩት ግን እንደ አባት ርስት ነው።

አንድ ማታ ከልጆቹ አንዱ ወዳጄን «ብረት እንዲህ መለየት የት ተማርክ?» አለው። ወዳጄ አንድ ብሎን ይዞ ነበር፣ ሙቀት ያገኘውን ብረት ከቀለሙ ይለያል። «ከአባቴ» አለው። አባቱ አንጥረኛ ነበር። እሱ ልጅ ሆኖ ወናፍ ይነፋ ነበር። እናንተ ይህን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ለልጆቻችሁ ግን ነግራችኋቸው ይሆን? አባቶቻችን መሬት ባልነበራቸው አገር እጃቸው ነበር መሬታቸው። ማረሻና ማጭድ የሚሠራላቸውን ሰው ጎረቤቶች ቀን ይፈልጉታል፣ ማታ ቡዳ ይሉታል። ልጁ ቁልፉን አስቀምጦ ሰማ። እንዲያውም ሁለቱ ሌሎችም ስልካቸውን ኪስ ከተቱ፣ ይህ በዘመናችን ትልቅ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ በበኩሌ ሞተር አልወድም። ልጆቹ ሁሉ አውቶቡስ ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አይቻለሁ፦ ቤት የከለከሏቸው ልጆች ሞተሩን ሁለት መንገድ ራቅ አድርገው ያቆሙታል፣ ካስዳውን ጓደኛ ቤት ያሳድራሉ። እናት አላየች ማለት ልጁ አልነዳም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሞተሩ ከነጭራሹ ካልቀረ፣ እጃችሁን አስገቡበት።

አንዲት እናት እንዲህ አደረገች። ልጇን ተከትላ መጣች፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ፊቷ እንደ ክረምት ሰማይ ዳምኖ። ወዳጄ ወንበር ሰጣትና ከኋላ ጎማው ጎን ያለውን ጽሑፍ በባትሪ መብራት አሳያት። እዚያ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2318 ብሎ ከሆነ በፈረንጆች 2018 ዓመት፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ማለት ነው። ቁጥር ማንበብ ነው እንጂ ሌላ እውቀት አይጠይቅም። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት አይዝም። ልጁ «ጥርሱ ገና ነው» ብሎ ተከራከረ። እሷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ታናሽ እህትህ ሳትወለድ የተሠራ ጎማ ነው!» አለችው። በዚያ ጎማ ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ሞተሩ እዚያው አደረ፣ እሱ በአውቶቡስ ከእናቱ ጋር ሄደ።

ሌላውም እንዲሁ ቀላል ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል፤ ውሃ የገባበት ደግሞ በኃይል ሲያዝ ይፈላል፣ ፍሬኑም ይላላል፤ ስለዚህ በሁለት ዓመት ይቀየራል። የፍሬን ሸራ ሲሳሳ በዓይን ይታያል። የአየር ማጣሪያው በእኛ አቧራ ቶሎ ይታፈናል። የኋላ መብራት አለመሥራቱን የሚነዳው ልጅ አያየውም፤ ከኋላው ቆሞ የሚያየው ሰው ነው፣ እሱ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ካስዳ አንዴ በኃይል ከተመታ ይጣላል፤ ውጩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። «ውድ ነው» የሚል ልጅ ካለ ሶሮካ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፣ እዚያ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ይመልከት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የወረቀቱ ነገር ነው፤ እባካችሁ ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከ1975 ጀምሮ ባለው ሕግ፣ በዚህ አገር በመንገድ አደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው ጥፋቱ የማንም ቢሆን ከግዴታው ኢንሹራንስ፣ ከ«ቢቱዋህ ሆቫ»፣ ካሣ ያገኛል። የግዴታ ኢንሹራንስ ሳይኖረው ወይም መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የነዳ ግን ይህ መብት የለውም። ወረቀቱ በፖስታ መምጣቱ ብቻ አይበቃም፤ መከፈል አለበት፣ የተከፈለበትም ማስረጃ ይኑር። ፈቃዱም ለዚያው ሞተር የሚሆን ይሁን። በ16 ዓመት የሚሰጠው ፈቃድ እስከ 125 ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ሞተር ሌላ ደረጃ ያስፈልጋል። የጓደኛ ትልቅ ሞተር «ለአንድ ዙር» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው አደገኛነቱ። ልጁ ምግብ የሚያመላልስ ከሆነም ለኢንሹራንስ ወኪሉ በግልጽ ይንገር፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ልጁ ራሱ ያንብብላችሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ እሱም ይሰማዋል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሞተር የአንድ ወታደር ነው። ልጁ እስከ ፋሲካ አይመለስም። ሞተሩን አምጥቶ ያስረከበን አባቱ ነው፤ ሲገዛ «ከቤቴ ውጣ» ያለው እሱ ራሱ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ አምፖል ይይዝልናል። ባለፈው ሳምንት ልጁ ከጦር ሰፈር ደወለ፣ አባትየው ስልኩን ትከሻና ጆሮው መካከል አጣብቆ፣ አንድ እጁ ግራሶ ሆኖ፣ «ያልበራው ዊንከር የግራው ነው የቀኙ?» ብሎ ጠየቀው። ከወዲያ ማዶ ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የቀኙ ነው አባባ፣ የቀኙ ፍሬቻ» ሲል ሁላችንም ሰማነው።