የማንኩሽ ሙቀትና የወረቀት ዕድሜ

ከቻግኒ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ግልገል በለስንና ማምቡክን አልፎ ወደ ጉባ ወረዳ ሲዘልቅ፥ የደጋው ነፋስ ወደ ኋላ ይቀርና የቆላው ወበቅ መንገደኛውን ይቀበለዋል። ቀርከሃው በግራና በቀኝ ቆሞ ይታያል። በዚህ በጉሙዝ ሕዝብ አገር የወረዳዪቱ ከተማ ማንኩሽ ናት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው ስሟን የሚሰማው ከዓባይ ጋር ነው።

የዚህ አገር ነገር ግን ከውሃው ሌላ በወረቀትም ላይ ያለ ነው። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተፈራረሙ። በውሉ ውስጥ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት ውሃ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ በሁለቱ ቋንቋዎች ቃል መካከል ስላለው ልዩነትም ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። የአንድ ቃል ፍቺ ይህን ያህል ከከበደ፥ ቃሉ የተጻፈበት ቅጠል ቢፈርስ ክርክሩ በምን ይዳኛል?

በእንግድነት የተቀበሉኝ የማንኩሽ አረጋዊ ከቆርቆሮ ሣጥናቸው የልጃቸውን የክርስትና ምስክር ወረቀትና አባታቸው ከጎጃም የላኩላቸውን ደብዳቤ አወጡልኝ። «መምህር፥ ቀስ አድርገው ይያዙት፤ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል» አሉኝ። እውነትም ጠርዙ ቡናማ ሆኖ፥ የታጠፈበት መሥመር ተቆርጦ ነበር። ከአጠገቡ የነበረው የብራና ዳዊት ግን፥ ከደብዳቤው በዕድሜ የሚበልጥ ሲሆን፥ ያለ ችግር ይገለጥ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ የኖረው በብራና ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮጳ ፋብሪካዎች ከእንጨት መሥራት የጀመሩት ወረቀት ግን ቀለም እንዳይመጠው ሸብና የዛፍ ሙጫ ይጨመርበት ነበር። ከሸቡ አሲድ ይወጣል፤ አሲዱም የወረቀቱን ጭረት ከውስጥ ይቈራርጣል። ሙቀትና እርጥበት ሲጨመሩበት ሥራው ይፈጥናል፤ እንግዲህ የማንኩሽ ሣጥን ለወረቀት ምን ዓይነት ማደሪያ እንደ ሆነ አስቡት።

በ1959 ዓ.ም. በኢጣልያ አርኖ የተባለው ወንዝ ሞልቶ የፍሎሬንስን ከተማ ሲያጥለቀልቅ፥ እጅግ ብዙ መጻሕፍትና ሥዕሎች ተበላሹ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቅርስን በኬሚስትሪ የማከም ጥናት በረታ፤ ፕሮፌሰር ፒዬሮ ባልዮኒና ባልደረቦቻቸውም ናኖቴክኖሎጂ የሚባለውን ጥበብ ለወረቀት አዋሉት። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። መድኃኒቱ ሌላ ሳይሆን ኖራ ነው፤ ነገር ግን ቅንጣቱ በጥቂት መቶ ናኖሜትር እስኪለካ ድረስ የደቀቀ ነው። ውሃ ወረቀቱን ስለሚያሳብጠው፥ ኖራው በአልኮል ተበጥብጦ ይረጫል ወይም በብሩሽ ይቀባል። አልኮሉ ይተናል፤ ኖራው በጭረቶቹ መካከል ገብቶ አሲዱን ያበርደዋል። የተረፈው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ የእብነ በረድ ባሕርይ ወዳለው ነገር ይለወጣል፤ በኋላ የሚመጣውንም አሲድ ይጠብቃል። (እኛ መምህራን በጠመኔ ብናኝ ስንማረር የኖርን፥ የዚሁ ዘመድ ወረቀትን ማዳኑ ይገርመናል።)

ሆኖም የተቈረጠውን ጭረት መልሶ አይቀጥልም፤ ስለዚህ ሳይፈረፈር መድረስ ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ይህ ጥበብ ከአዲስ አበባው ቤተ መዛግብት ጋር እንደ አሶሳና እንደ ማንኩሽ ላሉት ሞቃት አገሮች መዝገብ ጠባቂዎችም ሊሰጥ ይገባዋል፤ ጥድፊያው ያለው በቆላ ነውና።

በቤት ውስጥ ግን ማንም በተራ ኖራ እንዳይሞክረው። የደቀቀ ስላልሆነ በላዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አልኮሉም የእስክሪብቶ ጽሕፈትንና የማኅተም ቀለምን ያፈስሳል፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት ደግሞ ማኅተም ያለበት ነው። ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ ፎቶግራፉን አንሥቶ፥ ዋናውን ሳያጥፉ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከቆርቆሮ ክዳንና ከግድግዳ ርጥበት አርቆ ማኖር ነው። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ፥ ወይም በላስቲክ መካከል አስገብቶ በእሳት ኀይል ማጣበቅ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል፥ ላስቲኩም አንዴ ከተጣበቀ ያለ ጉዳት አይላቀቅም።