ገና እስኪደርስ

በዓል በአንድ ቀን የሚውል ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፤ በዓልን የሚያውቀው በኪሱ በኩል ብቻ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ኑሯችን ከእጅ ወደ አፍ የሆነብን ሰዎች ታኅሣሥ ሲገባ የምንቆጥረው የቀረውን ቀን ሳይሆን የዶሮን፥ የቅቤንና የሽንኩርትን ዋጋ ነው። ቀኑ ደርሶ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ በማግሥቱ ወደ ሥራችን ስንመለስ በደብተራችን ላይ ብድር፤ በልባችንም «ይኸው ነበር እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይቀራል። አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይልቁንም እንደ እኔ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደመወዞች የምትቀበሉ የመንግሥት ሠራተኞችና ለበዓል ወደ ወላጆቻችሁ ቤት የምትመለሱ ተማሪዎች፤ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

የእኛ ቤት እንደ ብዙው ሰው ቤት ነው። አባታችን ካረፈ አምስት ዓመት አልፎታል። እናቴ፥ አያቴ፥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቴና ዘጠኝ ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድሜ ከእኔ ጋር አንድ ላይ እንኖራለን። ታላቅ እኅታችን በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዳለች። በዓል በደረሰ ቁጥር ገንዘብ ትልካለች፤ በተላከውም ገንዘብ ዶሮው ይገዛል፥ የቅርጫው መዋጮ ይከፈላል። እናቴ ግን በበዓሉ ቀን ከማዕድ ቀርባ እንጀራውን ትነካካዋለች እንጂ አትበላም። «የልጄን ላብ በአንድ ቀን ጨረስነው» ትላለች። ይህን ቃል ሁለት ገና በተከታታይ ሰማሁት። ሦስተኛው እንዳይደገም ምን ላድርግ እያልሁ ሳወጣና ሳወርድ ነው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ ያነበብሁት አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

ነገሩ የጀርመኖች ልማድ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ የጀርመን ፕሮቴስታንት ቤተ ሰቦች የልደት በዓል ሲቃረብ በቤታቸው በር ላይ በጠመኔ 24 መሥመር ያሰምሩ ነበር፤ ልጆቹም በየቀኑ አንዱን መሥመር እያጠፉ የቀረውን ይቆጥራሉ። በሐምቡርግ ከተማ የድኾች ልጆች ማሳደጊያ የነበረው ዮሐን ሂንሪክ ቪሸርን የተባለ ሰባኪ ደግሞ፤ ልጆቹ «ልደት መቼ ነው?» እያሉ ስለ ጠየቁት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. በትልቅ የእንጨት ክብ ላይ ሻማዎች ደርድሮ በየቀኑ አንድ አንድ ያበራላቸው ጀመር ይባላል፤ ለአዘቦት ቀን ትንሽ፥ ለእሑድ ትልቅ ሻማ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጌርሃርት ላንግ የተባለ የሙኒክ አሳታሚ ይህንኑ የቀን ቆጠራ በካርቶን እያሳተመ መሸጥ ያዘ። ዛሬ በየአገሩ የሚሸጠው ቆጠራ እያንዳንዷ ትንሽ መስኮት ስትከፈት ቸኮላት የሚገኝባት ነው። እኔን የማረከኝ ግን ቸኮላቱ ሳይሆን ጠመኔው ነው። ጠመኔ ከመምህር ኪስ አይጠፋምና!

ሐሳቤን በመጀመሪያ ያማከርሁት አያቴን ነበር። እሳቸውም ጥጥ የሚፈትሉበትን እንዝርት አቁመው ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፤ ጾም እኮ ነው! በጾም ምን ፌሽታ አለ?» አሉኝ። ወዲያውም ጥቂት አሰብ አድርገው «ደግሞስ መቁጠሩን ከፈረንጅ ነው እንዴ የምትማረው?» ብለው በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ናት። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው ሳምንት ስብከት፥ ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን፥ ከ21 እስከ 27 ያለው ደግሞ ኖላዊ ይባላል። በመካከሉ በ19 ገብርኤል፥ በ24 ተክለ ሃይማኖት አሉ። ከዚያም ገሃድ፤ ከዚያም ልደት። ነቢያት መምጣቱን ሰበኩ፤ በጨለማ ያሉት ብርሃንን ናፈቁ፤ የተበተኑት በጎች እረኛቸውን ጠበቁ ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሐሳቡ ከውጭ አገር መጣ ቢባልም መቀመጫው በቤታችን ቀድሞ ተነጥፎለት ነበር። ከዚህም በላይ የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ገና በዘመነ ዮሐንስ በ28 ከመዋሉ በቀር በሌሎቹ ዓመታት ታኅሣሥ 29 ቀን ስለሚውል፤ ወሩ ሲጠባ ጀምሮ የቀኑ ቍጥር ራሱ ቆጠራ ይሆናል። አያቴ አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ የጾሙን ሥርዓት የሚነካ ነገር እንዳይገባበት። በዚህም ትእዛዝ ምክንያት ጣፋጩ ቀረና ቀኖቹን ሁሉ በሥራና በጨዋታ መሙላት ግድ ሆነ። አሁን ሳስበው ቆጠራውን ያሳመረው ይኸው ትእዛዝ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈባቸውን አሮጌ የፈተና ወረቀቶች ሰብስበን 29 ቍራጭ አደረግናቸው። በቤት ያለነው አምስት ሰዎች አምስት አምስት ወረቀት ተከፋፍለን በየማታው ሊደረግ የሚገባውን ነገር ጻፍን፤ የቀሩትን አራት ደግሞ ታላቅ እኅታችን በስልክ አስጻፈች። የአያቴን ቃል የጻፈው ታናሽ ወንድሜ ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት ታጥፎ በጀርባው የግእዝ ቍጥር ተጻፈበትና በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቀለ። ተማሪ ቤት ፊደሉን እንጂ የግእዙን ቍጥር ያልለመደው ወንድሜ፤ የነገውን ወረቀት አስቀድሞ ለመፈለግ ሲል ብቻ በሁለት ሳምንት ከ፩ እስከ ፳፱ ድረስ አጠናው። የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ በትምህርት ክፍል ውስጥ አላገኘሁም።

ከእራት በኋላ አንድ ወረቀት ይከፈታል። በመጀመሪያው ማታ የወጣው «የአባታችንን ፎቶግራፎች አውጥተን እንወልውል» የሚል ነበር። አባቴን በደንብ የማያስታውሰው ወንድሜ በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ የራሱን ጆሮ አይቶ ሳቀ። በስምንተኛው ማታ ጫፉ የቆለመመ እንጨት ከማገዶ ሻጭ ገዝተን የገና ዱላ ጠረብን፤ የሰፈሩም ልጆች አይተው እንዲሁ አደረጉና በሚቀጥለው እሑድ ሜዳው በእሩር ጨዋታ ተሞላ። አያቴም በዚህ ጨዋታ ጌታ እንኳ ሎሌውን እንደማይቆጣ አስረዷቸው። በ11ኛው ማታ ስልኮች ሁሉ መሶብ ውስጥ ተከድነው ዋሉ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ረዥም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ሰው መሶቡን አላስታወሰም። በ14ኛው ጌሾ ተወቀጠ። አንባቢዎቼ፤ ጠላም እኮ ራሱ የቀን መቁጠሪያ ነው! ጥንስሱ፥ ድፍድፉ፥ መጥለሉ እያንዳንዱ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል እንጂ ስለ ቸኮሉለት አይደርስም። በሌላ ማታ ደግሞ የስምንተኛ ክፍሏ እኅቴ የዶሮን 12 ብልት በስም እየጠራች ለወንድሟ አስጠናችው።

ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ታላቅ እኅታችን ያስጻፈችው ወረቀት ነው። «እማማ በልጅነታቸው ገናን እንዴት እንዳከበሩ ይንገሩን፤ ድምፃቸውም ተቀድቶ ይላክልኝ» ይላል። አያቴ የላስታ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ሦስት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ላሊበላ እንደ ደረሱ፤ የከተማው ሰዎች የእንግዶቹን እግር እንዳጠቧቸው፤ በልደት ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ግማሾቹ ከዓለቱ ጫፍ፥ ግማሾቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ እንዳዩ ነገሩን። ያን ዕለት የንጉሥ ላሊበላም ልደት እንደሚከበር ጨመሩልን። «እኛ ገናን የምንቆጥረው በእግራችን ነበር» አሉ። ያን ቃል ታላቅ እኅቴ በሪያድ ከተማ፤ ሥራዋን ጨርሳ በተኛችበት ክፍል፤ ደጋግማ እንደ ሰማችው በማግሥቱ ጻፈችልን።

በ22ኛው ማታ የወጣው ወረቀት «ለጎረቤት ዳቦ ማድረስ» የሚል ነበር። እናቴ በፍሳሽ ውኃ ምክንያት ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ከተኳረፈች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ወንድሜ ትኩሱን ዳቦ በሳሕን ይዞ ወጣና ቅርብ ወደ ሆነው በር ሄደ፤ ቅርቡ በር ደግሞ የእኚያ ሴትዮ በር ነው። እናቴ ስትሰማ አንዳች ቃል አልተናገረችም። በማግሥቱ ሳሕኑ በልጃቸው እጅ ተመለሰ፤ በአገራችንም የሰው ሳሕን ባዶውን አይመለስምና ቆሎ ሞልቶበት ነበር። የገና ዕለት ሴትዮዋ ቤታችን መጥተው ቡና ጠጡ። አያቴ ያን ወረቀት ሲያስጽፉ የትኛዋን ጎረቤት አስበው እንደ ነበር ብጠይቃቸው፤ እንዝርታቸውን አሽከርክረው ዝም አሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር ልመለስ። ወሩ ሊጋመስ ሲል እናቴ ራሷ ስልክ አንሥታ «ዘንድሮ ለበዓል እንዳትልኪ፤ ለራስሽ አስቀምጪው» ብላ ለልጇ ነገረቻት። ቅርጫ አልገባንም፤ በሁለት ዶሮ ፈንታም አንድ ዶሮ በእኔ ደመወዝ ተገዛ። ያልተላከው ገንዘብ ስትመለስ ልትጀምረው ላሰበችው ሥራ በስሟ ባንክ ገባ። ይሁን እንጂ በዓሉ ጐደለ ያለ ሰው አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ 28 ማታ ስንበዓልበት ቆይተናልና። ታኅሣሥ 29 ቀን ማዕድ ሲቀርብ እናቴ ባርካ ቈረሰች፤ በላችም። ለእኔ የዚያ ዓመት ገና ይኸው ነው። ማታ ታላቅ እኅታችን ስትደውል እሷም በቁም ሣጥኗ በር ውስጥ 29 የወረቀት ቍራጭ ለጥፋ በየሌሊቱ አንድ አንድ ስታነሣ እንደ ቆየች አጫወተችን። ከእኛ መካከል ይህን ያወቀ አልነበረም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው» ይል ይሆናል። እኔም ቀን ሳስተምር ውዬ ማታ ደብተር የማርም ሰው ነኝና ጥያቄው ይገባኛል። ስለዚህ በሥራ የተፈተነውን ደንብ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንደኛ፤ የአንድ ማታ ሥራ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ሁለተኛ፤ ከወረቀቶቹ የሚበዙት ምንም ገንዘብ የማያስወጡ ይሁኑ። ሦስተኛ፤ ለበዓሉ መሠራቱ የማይቀረውን ሥራ፥ ጌሾውን፥ ቤት መጥረጉን፥ ቄጠማ መግዛቱን፥ ሽንኩርት መላጡን፥ በቆጠራው ውስጥ አስገቡት፤ ብቻውን በእናት ትከሻ ላይ የነበረው ሸክም ያን ጊዜ የሁሉ ጨዋታ ይሆናል። አራተኛ፤ መብራት ጠፍቶ ወይም እንግዳ መጥቶ ያመለጠ ቀን ቢኖር ዕዳ አታድርጉት፤ እለፉት። አምስተኛና ዋነኛው፤ በቤት ያለ ሰው ሁሉ፤ ማንበብ የማይችልም ቢሆን፤ የራሱን ወረቀት ያስጽፍ። ሩቅ ያለ ሰው ካለም ድርሻው ይጠበቅለት።

ገናን የማያከብር ጎረቤት ያላችሁም ብትሆኑ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የእስላም ጎረቤቶቻችን ልጆች ረመዳንን ቀን በቀን እየቆጠሩ ዒድን ሲጠብቁ አይተናል። መጠበቅ የሁላችንም ሀብት ነው፤ ዋጋውም ገበያ ላይ አይጨምርም።

በየመደብሩ የፕላስቲክ ዛፍ ቆሞ፤ ጥጥ እንደ በረዶ ተበትኖበት ስናይ «እኛስ መቼ እንገዛ ይሆን?» ብለን እንቆጫለን። ዛፉን የገዛ ሰው ደስ ይበለው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በዓል የሚያጥረው ገንዘብ ስላነሰን ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ላይ አጭቀን ስለምንጭነው ጭምር ነው። በ29 ቀን ላይ የተዘረጋ ደስታ ቀጭን ቢመስልም አይበጠስም።

እንግዲህ ኅዳር እያለቀ ነው። አሮጌ ወረቀት፥ አንድ ክንድ ሲባጎና ጥቂት መቆንጠጫ ፈልጉ። ሰው ሁሉ ለታኅሣሥ 29 «እንኳን አደረሳችሁ» ይላችኋል፤ እኔ ግን ከወዲሁ ልቅደምና እንኳን ለታኅሣሥ 1 ቀን በሰላም አደረሳችሁ!