ዐውድማና የቤዝቦል ሜዳ

ከሲልቨር ስፕሪንግ በዋሽንግተን ቀዩ መሥመር ባቡር ተሳፍሬ፣ ፎርት ቶተን ላይ ወርጄ ወደ አረንጓዴው ተዛውሬ፣ የአገሬ ሰዎች ምግብ ቤቶቻቸውን ከከፈቱበት ከዩ ስትሪት ሥር አልፌ ኔቪ ያርድ ጣቢያ ስደርስ፣ ተመልካቹ ገና በየቤቱ ሳለ ወደ ስታዲየሙ ከሚገቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት 41 ሺህ ያህሉ ወንበር ባዶውን ተደርድሯል፤ ከአናኮስቲያ ወንዝ የሚነሣው ነፋስ ብቻ ይመላለስበታል፤ ሣሩም የሌሊቱን ጠል ገና አላራገፈም። ለቤዝቦል ክለብ መሥራቴን የሰሙ ወገኖቼ ሥራዬ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ፣ አፈር አዘጋጃለሁ እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ይህን የትሕትና ንግግር አድርገው ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን በቁሙ እውነት ነው፤ ሥራውንም ማንም ሳያሳየኝ አስቀድመው ያስተማሩኝ፣ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ በዓለም መኖሩን ሳይሰሙ ያረጁት አባቴ ናቸው።

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ፒቸር የሚባለው ወርዋሪ ከአንዲት የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በእንጨት ዱላ ከመታት በኋላ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ቤዞች ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። የጉብታው ከፍታ 10 ኢንች ነው፤ ከጉብታው እስከ መቺው ሰሌዳ ያለው ርቀት 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ከቤዝ እስከ ቤዝ ያለው ደግሞ 90 ጫማ ነው፤ ከእነዚህ ልኮች አንዱ በጣት ውፍረት ቢዛነፍ ከዳኛው ይልቅ የወርዋሪው ትከሻና የሯጩ ቁርጭምጭሚት አስቀድመው ያውቁታል። ቤዞቹን የሚከብበው አፈርም ከየትም የተዛቀ አፈር አይደለም፤ ከግማሽ በላዩ አሸዋ፣ የቀረው ደለልና ሸክላ ሆኖ እንደ መድኃኒት የተቀመመ ነው። አሸዋው ሲበዛ እግር ይከዳል፤ ሸክላው ሲበዛ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ኳሷ ባልታሰበ መንገድ ነጥራ ፊት ትፈነክታለች፤ ሁለቱን አስታርቆ የሚያኖራቸው ውሃ ስለሆነ፣ ከጨዋታ በፊት ያለውን ብዙውን ሰዓት የማሳልፈው የውሃ ጎማ ይዤ ነው። አንድ ክለብ በዓመት ከሚጫወታቸው 162 ጨዋታዎች 81ዱ በገዛ ሜዳው ስለሚደረጉ፣ ይህ ሥራ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስቀል ሰሞን ድረስ እንደ ሰዓታት ጸሎት በየተራው ይመላለሳል።

አባቴ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። አጨዳው አልቆ ነዶው ከተከመረ በኋላ ዐውድማ ለማዘጋጀት ሲነሡ፣ አስቀድመው ሣሩን ይነቅላሉ፤ ጠጠሩን በእጃቸው ይለቅማሉ፤ ጎድጓዳውን ደልድለው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ በሬዎቹን እየነዱ ያስረግጡታል። በመጨረሻ እናቴ ትኩስ እበት በውሃ በጥብጣ፣ ወገቧን አጉንብሳ ከመካከል ወደ ዳር እየዞረች በመዳፏ ትለቀልቀዋለች፤ ፀሐይም ሲያደርቀው፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ከአፈር ጋር እንዳትቀላቀል ሆኖ እንደ ምጣድ ይለሰልሳል። ዐውድማ የሚለው ቃል ዐውደ ምሕረትና ዐውደ ዓመት ከሚሉት ጋር በግዕዝ አንድ ሥር ያለው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ በሕፃንነቴ የማውቀው ጫማ ወልቆ የሚገባባቸው ስፍራዎች ሁለት መሆናቸውን ብቻ ነበር፤ አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛው የአባቴ ዐውድማ።

ለጨዋታ ግን መሬት አይዘጋጅም ነበር። በዓለ ልደት ሲደርስ፣ እህሉ ገና እየተወቃ ሳለ፣ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ለገና ጨዋታ ሚና ለይቶ፣ ከጫካ ቆርጦ ባመጣው ቆልማማ ዱላ እሩር የምትባለውን ኳስ እየመታ ወደ ባላንጣው ወገን ሊያሳልፋት ይታገላል። ሜዳው እህሉ የታጨደበት ማሳ ወይም የከብቱ መሰማሪያ ነው፤ ወሰኑ ወንዝ ወይም ገደል፣ የተጫዋቹ ቁጥርም የመጣው ሰው ሁሉ ነው፤ ሰዓቱን የምትቆጥረው ፀሐይ ናት፤ ስትጠልቅ ያልቃል። (ቤዝቦልም እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰዓት የማይቆጠርለት ጨዋታ ነበር፤ ዛሬ ወርዋሪው ቤዞቹ ባዶ ሲሆኑ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት።) የልደቱ ብሥራት አስቀድሞ የደረሰው ለእረኞች ስለሆነ፣ በዚያች ዕለት ጌታ በሎሌው ዱላ ቅልጥሙን ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነበር። ስለዚህ በአንድ ወር፣ በአንድ መንደር፣ የድንጋይ ውርወራ ያህል ተራርቀው ሁለት መሬቶች ይታዩኝ ነበር፤ አንዱ ለእንጀራ ሲባል በእናቴ መዳፍ የተለቀለቀ፣ ሌላው ለደስታ ሲባል ፈጣሪ እንደ ሠራው የተተወ።

በዚህ ልማድ ያደግሁ ሰው በመሆኔ፣ በመጀመሪያው የጸደይ ወራት አፈር በወንፊት ሲነፋ፣ እርጥበቱ በመሣሪያ ሲለካ፣ ሣር እንደ ሙሽራ ጠጉር ሲበጠር ባየሁ ጊዜ ደስታ አልተሰማኝም፤ አዘንሁ እንጂ። በአገሬ እህል ለሚያርፍበት መሬት ብቻ የምንሰጠውን ክብር እዚህ ለዱላና ለኳስ ሲሰጡት አይቼ፣ እህሉ ወዴት ነው እያልሁ በልቤ እጠይቅ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ባልደረባዬ ነጩን የኖራ መሥመር ስቦ እንደ ጨረሰ፣ አካፋዬን ለመመለስ ቸኩዬ መሥመሩን ረግጬው አለፍሁ። ጠጉራቸው የሸበተው አለቃችን አልተቆጡኝም፤ መጥተው ተንበረከኩና የጫማዬን ዳና በእጃቸው ጠርገው ኖራውን እንደ ገና እየነሰነሱ፣ መሬቱ የእኛ የሚሆነው እስክናሰናዳው ድረስ ነው፣ ከተሰናዳ በኋላ የእኛ አይደለም አሉኝ። አባቴም፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ በርጥቡ ዐውድማ ላይ ስሮጥ ያገኙኝ ዕለት፣ እጄን ይዘው ካወጡኝ በኋላ አንዳች ሳይናገሩ ዳናዬን በእበት ደፍነውት ነበር። ስለ እህሉ መጠየቄን የተውሁት ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ጨዋታ ካለቀ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ወርዋሪው በወረወረ ቁጥር እግሩ የሚያርፈው በአንድ ቦታ ስለሆነ፣ ኢኒንግ የሚባሉት ዘጠኙ ዙሮች ሲፈጸሙ በጉብታው ፊት እንደ ሙቀጫ የጎደጎደ ጉድጓድ ይገኛል። ሕዝቡ እየወጣ፣ መብራቱ ገና ሳይጠፋ፣ ተንበርክኬ የላላውን አፈር ጠርጌ አወጣለሁ፤ ጉድጓዱን ውሃ አርከፈክፍበትና እስኪሰርግ እታገሣለሁ፤ አዲስ ሸክላ ከአሮጌው ጋር የሚዋሐደው አሮጌው ራሱ ሲርስ ነውና። ከዚያም ሸክላውን በጭብጤ ልክ እየቆረስሁ እሞላለሁ፤ በአውራ ጣቴም ተጭኜ እፈትነዋለሁ፤ ጣቴን ከያዘው ውሃ በዝቶበታል፣ ከተፈረፈረም አንሶታል፤ ጣቴ ምልክቱን ትቶ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ልኩን አግኝቷል። እናቴ ሊጡንም እበቱንም የምትፈትነው በዚሁ መንገድ ነበር። በመጨረሻ በከባዱ መደልደያ እወቅጠዋለሁ፤ አስቀድሞ የታፈነ የነበረው ድምፅ ጥቂት በጥቂት እየጠበቀ ሄዶ እንደ ነጋሪት ሲመልስልኝ፣ ሌሊቱን እንዳይደርቅ በሸራ አልብሼው እሄዳለሁ። ለጠዋቱ ወርዋሪ የትናንቱ ጉድጓድ የት እንደ ነበር የሚያመለክተው ነገር የለም፤ ይህንንም ባሰብሁ ቁጥር የሚሰማኝ ሐሤት የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልሁ ቀን ከተሰማኝ ይበልጣል።

አፈር በዚህ ጨዋታ ላይ ያለውን ሥልጣን የሚያሳይ ነገር ከታሪኩም ይገኛል። በ1968 እ.ኤ.አ. የሴንት ሉዊሱ ወርዋሪ ቦብ ጊብሰን በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 1.12 ነጥብ ብቻ እየሰጠ ዓመቱን ፈጸመ፤ ሌሎቹም ወርዋሪዎች መቺውን ሁሉ አስጨነቁት፤ ስለዚህ ሹማምንቱ በሚቀጥለው ዓመት የጉብታውን ከፍታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ዝቅ አደረጉት፤ በአምስት ኢንች አፈር የጨዋታው ሚዛን ተመለሰ። ኳሷም ብትሆን ከአፈር አልተለየችም፤ አዲሷ ኳስ ልሙጥ ሆና ከወርዋሪው እጅ እንዳታመልጥ፣ ከጨዋታ በፊት እያንዳንዷ ከደላዌር ወንዝ ገባር ዳር በሚታፈስ ጭቃ ትታሻለች። ይህን ባየሁ ጊዜ ፈጽሞ እንግዳ አልሆነብኝም።

የገና ሰሞን በአገራችን በጋ ስለሆነ ጨዋታ በዝናብ አይታገድም፤ ዐውድማን ግን ያልታሰበ ደመና ሲያስፈራራው፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል ቤተሰቡ ሁሉ ምርቱን ለመሸፈን እንደሚሯሯጥ አውቃለሁ። የዋሽንግተን የሐምሌ ነጎድጓድም ድንገተኛ ነው። አለቃችን ሰማዩን አይተው እጃቸውን ሲያነሡ፣ ከ15 የማናንስ ሰዎች ትልቁን የሸራ ጥቅልል እየገፋን እንሮጣለን፤ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ሸራውን እንደ መርከብ ሲያነሣው፣ ከጎኔ ያለው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ ባልደረባዬ በእስፓኝ ቋንቋ ይጮሃል፣ እኔም ሳላስበው በአማርኛ እመልስለታለሁ፣ አንዳችን የሌላችንን ቃል ሳናውቅ ጠርዙን በአንድ ጊዜ እንጥላለን። ሸራው በቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ በ1985 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ በሞተር የሚንከባለለው ሸራ የፈጣኑን ሯጭ የቪንስ ኮልማንን እግር ይዞት፣ ያ ሰው ቡድኑ የደረሰበትን የፍጻሜ ውድድር ሳይጫወት ቀርቷል።

የውድድሩ መጀመሪያ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ በእነዚያ ሳምንታት እስከ ከሰዓት በኋላ ጾሜ እውልና ከቤት ባመጣሁት ሽሮ እፈታለሁ። አንድ የትንሣኤ እሑድ ቅዳሴው ሌሊቱን ሙሉ ይዞኝ አድሮ ሳለ ጨዋታ ስለ ነበረ፣ ያው የዶሚኒካኑ ባልደረባዬ ሳልጠይቀው ተራዬን ወሰደልኝ፤ እኔም በፈንታው በእነርሱ የልደት ዋዜማ ቆሜለታለሁ።

ክለባችን ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2019 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን አስትሮስን አራት ለሦስት ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከሰባቱ ጨዋታዎች አንዱንም እንኳ ባለ ሜዳው አላሸነፈም፤ ሰባቱንም ያሸነፈው በእንግድነት የሄደው ቡድን ነው። በአናኮስቲያ ዳር የተሰናዳው መሬት ሦስቱንም ቀን የመረቀው የሂዩስተንን ሰዎች ነበር፤ በዋሽንግተን ያለው ሕዝብም ደስታውን የሰማው ከሩቅ ነው። ይህን የሰማሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ፣ በዐውድማ ላይ የደረሰ መንገደኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሳይሰፈርለት ባዶ እጁን እንዳይሄድ አባቴ የነበራቸው ጽኑ ሥርዓት ነው። በአንዳንድ እሑድም ጨዋታ ሲያልቅ ሕፃናቱ ሁሉ ወደ ሜዳው እየተለቀቁ ቤዞቹን ይዞራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ያለሰለስሁትን አፈር በትናንሽ ጫማዎቻቸው ሲያቦኑት ቆሜ ሳይ፣ ያን ሁሉ ድካም የደከምሁት ለእነርሱ እንደ ሆነ ይሰማኛል።

ክረምቱ እዚያ ሲገባ ሥራ ስለሚቀንስ፣ ያለፈውን ታኅሣሥ ከአባቴ ዘንድ አሳለፍሁ። ወገባቸው ጎብጧል፤ ዐውድማውን ግን ለሌላ አልሰጡም። ከብት ያፈረሰውን አንዱን ጠርዝ ልጠግንላቸው ብዬ፣ እንደ ለመድሁት አሮጌውን እበት አስቀድሜ በውሃ አራስሁት፤ እስኪሰርግ ታገሥሁ፤ ከዚያም አዲሱን እየለቀለቅሁ በአውራ ጣቴ ፈተንሁት። አባቴ መንሻቸውን ተደግፈው ሲመለከቱኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረህ?» አሉኝ። እርስዎ ነዎት ብላቸው አላመኑኝም።

የልደት ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከዐውድማው በታች ባለው ማሳ ሚና ለይተው ሲጫወቱ፣ አንዱ አጥብቆ የመታት እሩር እየተንከባለለች መጥታ በተለቀለቀው መካከል ቆመች። ልጁ ዱላውን እንደ ያዘ እስከ ጠርዙ ሮጦ መጣና የላስቲክ ጫማውን አይቶ ቆመ። «አባባ፣ ልግባ?» አላቸው። አባቴም መንሻቸውን ከክምሩ ላይ አስደግፈው፣ ከጫማቸው ወጥተው፣ በባዶ እግራቸው ገቡ፤ እሩሯንም አንሥተው ወደ ማሳው ወረወሩለት።