ስሕተቱ ያለበትን ሳያውቁ መጠገን፦ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር የቀሰምኩት ትምህርት

መስቀል ሲቃረብ በየአገሩ የተበተነው የጉራጌ ቤተሰብ ወደ ቀዬው ይሰበሰባል። እኔም ባለፈው ዓመት የማስተርስ ትምህርቴን ከምከታተልባት ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ያመራሁት እንደማንኛውም ሰው ክትፎውንና ዘመድ ጥየቃውን አስቤ ነበር። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ግን ታናሽ ወንድሜ፣ «ጋሼ፣ ጆይስቲኩ አልሠራ ብሎኛል፤ በዓሉ ሳይገባ ድረስልኝ» አለኝ። ወንድሜ ከዕቁብ በደረሰው ገንዘብ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ገዝቶ ትንሽ ጌም ቤት ከፍቷል። ዕቁቡ ገና ስላላለቀ በየሳምንቱ ይጥላል፤ የመስቀል ሰሞን ገበያም ለእርሱ የብዙ ሳምንታት ዕቁብ ማለት ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ነው። አዲሱ ባለገመድ ጆይስቲክ ሲሰካ መብራቱ ይበራል፤ የእግር ኳሱ ጨዋታ ግን አንድም ቁልፍ አይቀበለውም። በኪቦርድ ሲጫወቱ እንከን የለበትም። እኔም ወዲያው «ድራይቨር ነው» አልኩ። ይህን ያልኩት መርምሬ አልነበረም። በከተሞቻችን ድምፅ ሲጠፋም ሆነ ፕሪንተር አልታዘዝ ሲል በቅድሚያ የሚሰነዘረው ይኸው ቃል ነው፤ እርሱ ካልሠራ ደግሞ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ፍርድ ይከተላል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪው እኔም ሁለቱንም በቅደም ተከተል ፈጸምኩ።

በመጀመሪያ ድራይቨሮችን በራሱ ፈልጎ ይተካል የተባለ ፕሮግራም አውርጄ ጫንኩ። ፕሮግራሙ ያልጠየቅሁትን የዩኤስቢ ድራይቨር ጭምር ቀየረና ኪቦርዱም ማውዙም ጸጥ አሉ። በድንጋጤ ዲስኩን ፎርማት አድርጌ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩት። ወንድሜ የደንበኞቹን ዱቤ የሚመዘግብበት ፋይል በዚያው ዲስክ ላይ እንደነበረ ያወቅሁት ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ከቁጣ ይከብድ ነበር። ጆይስቲኩም እንደ ቀድሞው አልሠራም።

በማግስቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጻፍኩ፦ ኮምፒውተሩ ዕቃውን ያየዋልን? ዊንዶውስ የቁልፎቹን ምት ይቀበላልን? ጨዋታውስ የተቀበለውን ይረዳዋልን? በመቆጣጠሪያ ፓነል ውስጥ ያለውን የጆይስቲክ መሞከሪያ መስኮት ስከፍት እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ምልክቱ ይበራ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ «አዎ» ነው። «ድራይቨር ነው» ያልኩት ፍርድ በአንድ ደቂቃ ምርመራ ፈረሰ።

የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነበር። የዊንዶውስ ጨዋታዎች ጆይስቲክን የሚያነጋግሩባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ በ1990ዎቹ የመጣው ዳይሬክትኢንፑትና እ.ኤ.አ. በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር የተዋወቀው ኤክስኢንፑት ናቸው። የእኛ ጨዋታ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ሲሆን ጆይስቲኩ የሚናገረው በመጀመሪያው ነበር። በብዙ ርካሽ ጆይስቲኮች ላይ እንደሚገኘው ሁሉ በዚህም ላይ መንገዱን የሚቀይር ቁልፍ ነበረ። ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኜ ስይዘው በዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ብቅ አለ። እውነተኛው የድራይቨር ችግር የታየው ገና አሁን ነው፦ ዊንዶውስ 8 ከኤክስቦክስ 360 ድራይቨር ጋር ሲመጣ ዊንዶውስ 7 ግን ለብቻው እንዲጫንለት ይጠብቃል። የማይክሮሶፍት ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አብቅቷል። ከጓደኛዬ በፍላሽ ያመጣሁት ፋይል ለባለ 64 ቢት የተዘጋጀ ስለነበር ኮምፒውተሩ አልተቀበለውም፤ የ32 ቢቱን ፈልጌ ስጭን ጨዋታው ታዘዘ። በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከዚህ ገጠመኝ ለምርምር ሥራዬ የያዝኩት ነገር ቀላል ነው። ስም መስጠት ምርመራ አይደለም። አንድ ለውጥ አድርጎ ውጤቱን ሳያዩ ሌላ ለውጥ መጨመር ደግሞ ምክንያቱን ከነማስረጃው ይቀብረዋል። ፎርማት ማድረግ ችግሩን ቢፈታው እንኳ ችግሩ ምን እንደነበረ አይነግረንም። ከዚያ ወዲህ የመመረቂያ ጥናቴ ፕሮግራም ሲሰናከል አስቀድሜ ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ግምቴን በጽሑፍ አሰፍራለሁ፤ ግምቱን ሊያፈርስ የሚችለውን ቀላሉን ሙከራም አስቀድማለሁ።

የጠፋው ዱቤስ? በበዓሉ ሳምንት ወደ ጌም ቤቱ ከመጡት ደንበኞች አብዛኞቹ ሳይጠየቁ «ይህን ያህል አለብኝ» እያሉ አስመዘገቡ። ያልተመለሰውን እኔ ከኪሴ ሸፈንኩ። ወንድሜ ዛሬ ዱቤውን የሚጽፈው በደብተር ላይ ነው፤ ኮምፒውተር በተበላሸ ቁጥርም ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ምኑን ልይ?» ይለኛል።